ገልብጣችሁ እዩት

ባለፈው ዓመት ሽሮ ሜዳ፣ ከነጠላ ሻጮቹ መሃል፣ አንዲት ወጣት የግድግዳ ሸማ ይዛ ቆማ አየሁ። በእንጨት ፍሬም ላይ በእጇ የሠራችው ነው። የመሶብ ክዳን ቢያህል ነው። ኮረብታ አለው፣ ከሥሩ ቢጫ ቢጫ ነገር አለው፤ አደይ አበባ መሆን አለበት። ተቀበልኳትና ወዲያው ገለበጥኩት።

«ማዘር፣ ፊቱ በዚህ በኩል ነው» አለችኝ። ዓይኗ ደክሟል ብላ ሳታዝንልኝ አልቀረችም።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ጀርባውን ነው የፈለግኩት።»

ጀርባው ጉድ ነበር። ክሩ ተንጠልጥሏል፣ ቋጠሮው አፍጥጧል፣ አንድ ቦታ ላይ በሙጫ የተለጠፈ ነገርም አየሁ። ፊቱ ግን ያምራል። ልጅቷ ዓይን አላት። 1,500 ብር አለችኝ። ስንት ቀን ፈጀብሽ ስላት «ዘጠኝ» አለች። ጨምሬ ሰጥቻት ገዛሁት።

ከዚያ ወዲህ እሷም ጓደኞቿም በቴሌግራም ይጠይቁኛል። ታፔስትሪ፣ ማለትም ይህ የግድግዳ ሸማ፣ ማን ጀመረው? አሁን ለምን ፋሽን ሆነ? እንጀራ ይሆናል ወይ? ለእያንዳንዳቸው በድምፅ ስመልስ ጉሮሮዬ አለቀ። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እኔ ፈረንሳይ አገር ሠላሳ አንድ ዓመት ያረጀ የግድግዳ ሸማ ስጠግን የኖርኩ ሴት ነኝ። ሥራው በፈረንሳይኛ ቆንጆ ስም አለው። እናቴ ግን ጎረቤት ሲጠይቃት «ውጭ አገር ጨርቅ ትጥፋለች» ነበር የምትለው። አልተሳሳተችም።

አባቴ ሸማኔ፣ እናቴ ፈታይ ነበሩ። ጥጡን ማባዘትና መፍተል የሴት ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መሸመን የወንድ። አንድ ቀን አባቴ ለምሳ ሲነሳ ቀስ ብዬ ገባሁና እግሬን መርገጫው ላይ አሳረፍኩ። አልደረሰልኝም፤ አጭር ነበርኩ። ሲመጣ አልመታኝም። ብብቴን ይዞ አወጣኝና «ክሩን ትበጥሺዋለሽ» አለኝ፣ በቃ። ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። «የቁጢት በጣሽ ልጅ» ይሉኛል፤ የሸማኔ መስደቢያ ነው። ሠራተኛን እንዲህ ብሎ መስደብ በአፄ ምኒልክ ዘመን በአዋጅ ተከልክሎ ነበር። ስድቡ ግን አዋጁን አልፎ እኔ ክፍል ድረስ መጣ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ዛሬ እናንተ «አርቲስት ነኝ» ብላችሁ ሸማኔ አጠገብ ስትቀመጡ፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው በምን ስም ሲጠራ እንደኖረ እንድታውቁ ነው።

ወደ ነገሩ ልግባ። ነጠላ ሲሠራ ድሩ፣ በርዝመቱ የሚሄደው ክር፣ ይወጠራል፤ መወርወሪያው ማጉን፣ በአግድም የሚገባውን ክር፣ ይዞ ከዳር እስከ ዳር ያልፋል፣ ይመለሳል። ታፔስትሪ ላይ ማጉ ዳር አይደርስም። ቀዩ ክር ቀይ እስከሚያስፈልግበት ሄዶ ይመለሳል። ሰማያዊው የራሱን ክልል ሞልቶ ይመለሳል። አንድ መስመር ላይ ሃያ ሠላሳ ቀለም ሊኖር ይችላል፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ትንሽ ቀሰም አለው። ከዚያ ማጉ በማበጠሪያ ወደታች ይጠቀጠቃል። በደንብ ስለሚጠቀጠቅ ድሩ ጨርሶ አይታይም። የምታዩት ማጉን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሥዕሉ ጨርቁ ላይ አልተሳለም፣ አልተጠለፈም፣ አልታተመም። ሥዕሉ ራሱ ጨርቁ ነው። ብትተረትሩት ሁለቱም አብረው ያልቃሉ።

የኛ ጥለት ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ጥለት ላይ ነጩ የጨርቁ ማግ ሥራውን ይቀጥላል፤ ባለቀለሙ ክር ተጨማሪ ሆኖ ነው የሚገባው። ደግሞ ሳልረሳው፣ በስም ከሁሉ የገነነው የባዮ ታፔስትሪ፣ 70 ሜትር ገደማ የሚረዝመው፣ ታፔስትሪ አይደለም። በሊነን ጨርቅ ላይ በሱፍ ክር የተጠለፈ ጥልፍ ነው። ጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ከመጣባችሁ ተከራከሩበት።

አሁን ስለምወደው ልንገራችሁ።

ፈረንሳይ ውስጥ አንዤ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ የራእየ ዮሐንስ ታፔስትሪ ተሰቅሏል። የኛ ሊቃውንት አቡቀለምሲስ የሚሉት ያ ራእይ፣ ሰባቱ ማኅተሞች፣ አራቱ ፈረሶች፣ ዘንዶው፣ ሁሉም እዚያ አሉ። ያሠራው የአንዡ መስፍን ቀዳማዊ ሉዊ ነው። ሥራው 1373 አካባቢ ተጀምሮ በ1382 ገደማ አለቀ። ንድፉን የሳለው የንጉሡ ሠዓሊ ሄነካን ነበር። ሲሠራ ወደ 140 ሜትር ይረዝም ነበር፤ ቁመቱ ስድስት ሜትር ያህል ነበር። ከ90ዎቹ ሥዕሎች ዛሬ 71ዱ ቀርተዋል። የተረፈው ርዝመት 100 ሜትር ያልፋል።

መጀመሪያ ሳየው ወንበር ላይ ተቀመጥኩና መነሳት አቃተኝ። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፤ ብርሃን ቀለሙን ስለሚበላው መብራቱ ሆን ተብሎ ደብዝዟል። ዓይናችሁ እስኪለምድ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ አንድ በአንድ ይወጣሉ። የባቢሎን መውደቅ፣ መላእክቱ፣ መጽሐፉን የሚበላው ዮሐንስ። አያቴ በቃል ትነግረኝ የነበረውን ነገር ክር ሆኖ አየሁት።

ያ ሁሉ ግን ምን እንዳየ ታውቃላችሁ? አንድ ዘመን ላይ ፋሽኑ አለፈበት። የከተማዋ ካቴድራል በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሊሸጠው አውጥቶት ገዢ አጣ። የፈረንሳይ አብዮት ሲመጣ ተቆራረጠ። ቁራጩ ወለል ላይ ተነጠፈ። የብርቱካን ዛፍ ከውርጭ ይሸፍኑበት ነበር። የፈረስ ጋጣ ግድግዳም ለበሰበት። አራቱ ፈረሶች ያሉበት ራእይ ለፈረስ ጋጣ! ይህን ስሰማ ልስቅ ወይ ላለቅስ አላወቅኩም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጁቤር የሚባል ቄስ ቁርጥራጩን ከየቦታው ለቅሞ ማስጠገን ባይጀምር ዛሬ የምናወራው አይኖርም ነበር።

የመጣሁበት ነጥብ ግን ጀርባው ነው። የአንዤው ታፔስትሪ ሸማኔዎች ጀርባውን እንደ ፊቱ አድርገው ነው የጨረሱት። የተንጠለጠለ ክር የለም። ቋጠሮ የለም። ከሩቅ ስታዩት የትኛው ፊት የትኛው ጀርባ እንደሆነ መለየት ይከብዳል። በ1980ዎቹ ከኋላ የተሰፋው ገበር ሲነሳ ደግሞ ጉድ ተገኘ። ብርሃን ስድስት መቶ ዓመት ያልነካው ቀለም እንዳለ ቁጭ ብሏል። ቀዩ ቀይ ነው። አረንጓዴው አረንጓዴ።

አረንጓዴው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። በዚያ ዘመን ቀለም የሚነከረው በዕፅዋት ነበር። ቀዩ ከአንድ ተክል ሥር ይወጣል፣ ሰማያዊው ከሌላ ተክል ቅጠል፣ ቢጫው ከሌላ። አረንጓዴ ግን ብቻውን የለም። ሱፉ መጀመሪያ ሰማያዊ ይነከርና በላዩ ቢጫ ይደገማል፣ ወይም በተቃራኒው። ችግሩ ቢጫው ብርሃን አይችልም። ከሁሉ ቀድሞ ይሄዳል። ስለዚህ ነው ድሮ የተሠራ ታፔስትሪ ላይ ሰማያዊ ዛፍ፣ ሰማያዊ ሣር የምታዩት። አስጎብኚ «የመካከለኛው ዘመን ሰዎች ሕልማዊ ነበሩ» ሲል ሰምቻለሁ። ምንም ሕልም የለም። ቢጫው ጠፍቶ ነው።

እናንተም ቀለም ስትነክሩ ይህን አስቡ። ሱፉን ከመሸመናችሁ በፊት ግማሹን በወፍራም ወረቀት ሸፍናችሁ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ሁለት ወር ተዉት። ከዚያ ወረቀቱን አንሡና ሁለቱን ጎን ለጎን እዩ። የምታውቁት ቀለም ገበያ ላይ ያማረው ሳይሆን ከዚያ መስኮት የተረፈው ነው። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይም አሹት። ከለቀቀ አትንኩት።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ዓመቴ ነው። አንድ ታፔስትሪ ላይ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ተሰጠችኝ። ሰማይ ላይ ነች፤ አጠገቧ የአንድ መልአክ ደማቅ ሰማያዊ ካባ አለ። ሥራዬ የሰማዩን ፈዛዛ ሰማያዊ አመሳስሎ ክር መንከርና መሙላት ነው። ናሙናዬን ከዚያው ሰማይ ወሰድኩ። ነከርኩ። እጄ ላይ ሳየው ልክ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ሳስገባው የቆሸሸ አመድ መሰለ። ፈታሁት። እንደገና ነከርኩ። እንደገና አመድ። ስድስት ጊዜ! በስድስተኛው ቀለሙ የተበላሸ ነው ብዬ ሻጩን ስራገም አለቃዬ ሰማችኝ። አሮጊት ነች፣ ብዙ አትናገርም። ወረቀት አምጥታ መሃሉን በመቀስ ቀደደችው። የወረቀቱን ቀዳዳ ከካባው ራቅ ባለው ሰማይ ላይ አስቀመጠች። እይ አለችኝ። ከዚያ ካባው አጠገብ፣ ከድሮው ሸማኔ የቀረው ሰማይ ላይ አስቀመጠች። እይ አለችኝ።

ሁለቱ አንድ ቀለም አልነበሩም። የድሮው ሸማኔ ካባው አጠገብ ሲደርስ ሰማዩን በትንሹ አድምቆታል። ለምን? ደማቅ ሰማያዊ አጠገብ የተቀመጠ ፈዛዛ ሰማያዊ አመድ እንደሚመስል ስለሚያውቅ ነው። ጀርባውን ገልብጬ ብሆን ኖሮ ሁለቱን ክሮች አፍጥጠው አያቸው ነበር። እኔ ግን ያየሁት ፊቱን ብቻ ነው።

ይህ ነገር በሳይንስ የታወቀው በኋላ ነው። ፓሪስ ውስጥ ጎብላን የሚባል የታፔስትሪ ማምረቻ አለ። በ1662 በሉዊ 14ኛ ዘመን የመንግሥት ሆነ፤ ዛሬም ይሠራል። እዚያ ሸማኔው ከቆመ ድር ኋላ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። ፊቱን ለማየት መስታወት ያስቀምጣል። ዕድሜውን ሙሉ ከጀርባ ይሠራል ማለት ነው። በ1824 ሚሼል ኧዠን ሸቭረል የሚባል ኬሚስት የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ጥቁሩ ክር ይደበዝዛል የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ክሩን መረመረ፤ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የጎረቤቱ ነበር። ጥቁሩ ሰማያዊና ሐምራዊ አጠገብ ስለገባ ነው የደበዘዘው። ከዚያ ስለ ቀለሞች ጉርብትና ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1839 ታተመ። ሠዓሊዎች ብዙ ተምረውበታል። ሰውየው 102 ዓመት ኖረ። እኔ በስድስት ንክር የተማርኩትን እሱ በመጽሐፍ አስቀምጦልኝ ነበር፤ አላነበብኩም።

ከጥቂት ነገሮች ላይ ቶሎ ልለፍ። የአውሮፓ ነገሥታት ታፔስትሪ የወደዱት ለውበት ብቻ አልነበረም። የድንጋይ አዳራሽ ይበርዳል። ሱፍ ግድግዳውን ያለብሳል። ደግሞ ይጠቀለላል፣ በጋሪ ይጫናል፣ ንጉሡ የሄደበት ቦታ ሁሉ ቤተ መንግሥት ይሆናል። ከከተማ ከተማ በድንኳን የሚዘዋወሩ ነገሥታት ለነበሩን ለኛ ይህ እንግዳ አይደለም። ዋጋውም የጉድ ነበር። የሮማው ጳጳስ ሊዮ 10ኛ ቫቲካን ላለው ሲስቲን ጸሎት ቤት ንድፉን በሠዓሊው ራፋኤል አስለው ብራሰልስ ያሸመኗቸው አሥር ታፔስትሪዎች፣ ማይክል አንጄሎ የዚያኑ ጸሎት ቤት ጣሪያ ከሳለበት ብዙ እጥፍ አስወጥተዋል። ከወርቅና ከብር ክር የተሠራ ነገር ደግሞ ሞቱ በዚያው ነው። በ1797 የፈረንሳይ መንግሥት ገንዘብ ሲቸግረው ከነገሥታቱ ታፔስትሪዎች ወርቁን ለማውጣት አቃጠላቸው። አቃጠላቸው! እኔ አንድ መዳፍ ቀዳዳ ስጠግን ስንት ሳምንት እንደሚፈጅብኝ አውቃለሁ።

ከራፋኤል በኋላ የሆነው ነገር ግን ለእናንተ ይጠቅማል። ሸማኔው የሠዓሊ አገልጋይ ሆነ። የዘይት ቅብ ሥዕል በክር ቅዳ ተባለ። ጥላው፣ የጉንጩ ቅላት፣ ሁሉ በሺዎች በሚቆጠር የቀለም ዓይነት። ተሳክቶላቸዋል፤ ችሎታቸው ያስደነግጣል። ግን ዘይት ቅብ ካማራችሁ ዘይት ቅብ ስቀሉ እንጂ ሱፍ ምን አደረጋችሁ? ዣን ሉርሳ የሚባል ፈረንሳዊ ሠዓሊ በ1930ዎቹ መጨረሻ አንዤ ሄዶ ያን ራእይ አየና ነገሩ ገባው። ቀለሙ ጥቂት ነው፣ ክሩ ወፍራም ነው፣ መስመሩ ግልጽ ነው። እሱም ወደዚያ ተመለሰ። ቀለሞቹን ቀነሰ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጠው፣ ንድፉን በቁጥር ጻፈ። ከ1957 ጀምሮ በ1966 እስኪሞት ድረስ ለአንዤው ራእይ መልስ የሚሆን የራሱን ትልቅ ሥራ ሠራ። የመጀመሪያው ክፍል ስለ አቶሚክ ቦምብ ነው። ዛሬ እዚያው አንዤ ተሰቅሏል።

ሉርሳ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሎዛን ላይ በ1962 ባስጀመረው ትልቅ የታፔስትሪ ኤግዚቢሽን ማግዳሌና አባካኖቪች የምትባል ፖላንዳዊት ብቅ አለች። በቃጫ የሠራቻቸው ግዙፍ ነገሮች ኋላ ግድግዳውን ጥለው መሃል አዳራሽ ተንጠለጠሉ። ዙሪያቸውን ትዞሩታላችሁ፣ ውስጣቸው ትገባላችሁ። ፊትና ጀርባ የሚባል ነገር ቀረ። ሴኔጋል ውስጥም ሴንጎር ፕሬዚዳንት ሳሉ በ1966 ቲየስ ላይ የታፔስትሪ ማምረቻ አቆሙ። ጌርኒካ የሚባለው የፒካሶ የጦርነት ሥዕል በ1955 በታፔስትሪ ተሠርቶ ከ1985 ጀምሮ ኒው ዮርክ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በር ላይ ተሰቅሎ ነበር። በየካቲት 2003 የኢራቅ ጦርነት ጉዳይ ሲነሳ በሰማያዊ መጋረጃ ሸፈኑት። ጨርቁን በጨርቅ! አንድ የግድግዳ ሸማ ዲፕሎማት ያሳፍራል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

«አሁን ለምን ፋሽን ሆነ?» ለሚለው የኔ መልስ ቀላል ነው። ቀኑን ሙሉ መስታወት ስንነካ እንውላለን። ስልክ መስታወት ነው፣ ኮምፒዩተር መስታወት ነው። ጣት ሻካራ ነገር ይናፍቀዋል። ሌላም አለ፤ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ስታወሩ ድምፃችሁ አይመለስባችሁም? ሲሚንቶ ነው። ግድግዳው ላይ ወፍራም ሱፍ ስቀሉ፣ ድምፁን ይውጠዋል። ደንበኛችሁ ስለ ጥበብ ግድ ባይኖረው ይህን ንገሩት። ደግሞ እኮ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ሳሎን ያለው ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ ስጋጃ ነበረው። አጋዘን፣ ፒኮክ፣ የመጨረሻው እራት። የማሽን ነው፤ ቢሆንም የተሰቀለበት ምክንያት ያው ነው።

ግብፅ ውስጥ፣ ጊዛ አጠገብ፣ ሐራኒያ የሚባል መንደር አለ። ራምሴስ ዊሳ ዋሴፍ የሚባል አርክቴክት በ1950ዎቹ መጀመሪያ እዚያ የሽመና ማዕከል ከፈተ። የመንደሩን ልጆች ሰበሰበ። ሕጉ ሦስት ነበር። ንድፍ የለም፤ ልጁ ከሐሳቡ በቀጥታ ድሩ ላይ ይሠራል። የሌላ ሰው ሥራ አይቀዳም። ትልቅ ሰው ልጁን አይተችም። ቀለሙ እዚያው ግቢ ከሚበቅል ተክል ነው። ከእነዚያ ልጆች ውስጥ አርጅተው እስከ መጨረሻው የሸመኑ አሉ። ሥራቸው በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች ገባ፤ የግቢው ሕንፃም በ1983 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ።

እነዚህን ሥራዎች በቅርብ አይቻለሁ። አንዱ ላይ የዘንባባ ዛፍ አለ። ሸማኔው ከታች ወደ ላይ ስለሚሠራ መጀመሪያ የተሠራው ሥሩ ነው፤ የላዩ ቅርንጫፍ ሊሠራ ሲደርስ ቦታ አጥሮታል። ስለዚህ ዛፉ አናቱ ላይ ጎንበስ ብሏል። ንድፍ ቢኖረው ቀጥ ይል ነበር። ቀጥ ቢል ግን ማንም አያስታውሰውም። እናንተ ከስልካችሁ ላይ የሰው ሥራ እያያችሁ ክሩን አንድ በአንድ ስትቆጥሩ ሳይ የማስበው ያን ዛፍ ነው። ቆሎ የምትሸጥ ሴት አይታችኋል፣ ሚኒባስ ረዳት አይታችኋል፣ ክረምት ላይ የእንጦጦን ጭጋግ አይታችኋል። የስካንዲኔቪያን ጨረቃና ተራራ ምን ያደርግላችኋል?

የራሳችሁን ካነሳሁ አይቀር፣ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከጎንደር ዘመን የቀረ የሐር መንጦላዕት አለ። ከ1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ በኋላ የሄደ ነው። ቶሮንቶም ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ውስጥ ሌላ አለ፤ ቁመቱ ከ5 ሜትር ይበልጣል። እንደ አንዤው ታፔስትሪ አይደለም፤ ዘዴው ይለያል። ክሩ አራት ማዕዘን በሆኑ ትናንሽ ሰሌዳዎች ጥግ ጥግ ባሉት ቀዳዳዎች ያልፋል። ሰሌዳው ሲዞር ክሩ ይጠማዘዛል፣ ቀለሙ ይለዋወጣል። በዚህ ዘዴ መቀነት ይሠራል፤ ቀላል ነው። በመቶ የሚቆጠር ሰሌዳ አሰልፎ ሰውና መስቀል ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ሒሳብ ነው። ያ ሸማኔ ዛሬ ቢኖር ኮምፒዩተር ያሠሩት ነበር። ስሙን ግን አናውቅም።

የአንዤው ሠዓሊ ስም አለ። ያሠራው መስፍን ስም አለ። የሸመኑት ሰዎች ስም የለም። ብራሰልስ ላይ ነገሩ ትንሽ የተሻለው በ1528 ነው። ከተማዋ በታፔስትሪው ጠርዝ ላይ ምልክት ይሸመን ብላ ሕግ አወጣች፤ ቀይ ጋሻና ግራና ቀኙ የ«ብ» ድምፅ ያለው የላቲን ፊደል። አጭበርባሪ ስለበዛ ነው። እኛም ጋ ጥበብ መስሎ የታተመ ጨርቅ ከውጭ እየገባ ሸማኔውን ሥራ አስፈትቷል። ስለዚህ እባካችሁ ጀርባው ላይ ነጭ ጨርቅ ስፉና ስማችሁን፣ ዓመቱን፣ ክሩ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደፈተለው ጻፉ። ድሩን ያዘጋጀላችሁ ሸማኔ ካለ የሱንም ስም። በኮምፒዩተር ማሽን ካሠራችሁትም «በማሽን» ብላችሁ ጻፉ፤ ነውር የለውም፤ ነውሩ መደበቁ ነው።

ዋጋ ላይ ደግሞ አትፈሩ። ጎብላን ውስጥ አንድ ሸማኔ በዓመት የሚጨርሰው አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ነው ይባላል። ዘጠኝ ቀን ሠርታችሁ 1,500 ብር ስትሉ ክሩን ብቻ ነው የሸጣችሁት። ቀኑን ጻፉ፣ ሰዓቱን ጻፉ። ደንበኛ «ውድ ነው» ሲላችሁ ደብተሩን አሳዩት። አንዳንዱ ይሄዳል። ይሂድ።

ስትሠሩ ብርሃን አትቆጥቡ። በየሰዓቱ ተነሡ። የአባቴ ጉልበት ያለቀው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ የኔ አንገት ያለቀው ፈረንሳይ ነው። ወንበር ጥሩ ግዙ፤ ከክሩ በፊት።

የሽሮ ሜዳዋ ልጅ ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላከችልኝ። አዲስ ሥራ ነው፤ የተከፈተ ጃንጥላ ይመስላል። ሳየው ጀርባውን ነው የላከችው። ንጹሕ ነው፣ ቋጠሮ የለውም። ከግርጌው ግን አንዲት ቀይ ክር ተንጠልጥላለች። «ይቺስ?» ብዬ ጻፍኩላት። አንብባዋለች። እስካሁን አልመለሰችም።